ቀርከሃ በደጃፋችን

አንድ ወጣት ትምህርቱን ጨርሶ ወደ ደቡብ ኦሞ በተመደበ ጊዜ፣ ከመጻሕፍቱና ከልብሱ ጋራ ይዞት የሚሄድ አንድ መልካም አሳብ አለ፤ ይኸውም የሚያርፍበትን ቤት ደጃፍ አረንጓዴ የማድረግ አሳብ ነው። የሚተከለው ምን ይሁን የሚለው ጥያቄ ሲነሣ፣ በብዙዎቻችን አእምሮ መጀመሪያ የሚመጣው በሆቴል በር ወይም በመናፈሻ ዳር ያየነው፣ ቀጥ ብሎ የቆመውና ቅጠሉ በነፋስ ሹክ ሹክ የሚለው ቀርከሃ ነው።

ቀርከሃን የሚወድ ሰው አይነቀፍም። ቶሎ ያድጋል፤ ክረምት ከበጋ አረንጓዴ ነው፤ የመንገዱን አቧራና የአላፊ አግዳሚውን ዐይን ይጋርዳል፤ ቢቈርጡት መልሶ ይበቅላል። ነገር ግን «ውኃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ» እንደሚባለው፣ ይህን ተክል በግንዱ ወድዶ ሥሩን ሳይመረምር የተከለው ሰው፣ እርሱ ባይሆን ሌላው የሚከፍለው ዕዳ ይተዋል። በዛሬው ጽሑፋችን የምንነጋገረውም ስለዚሁ ሥር ነው። ምሳሌ የምናደርጋቸው ሁለት ስፍራዎች ናቸው፤ አንደኛዋ ከፍ ያለችውና ዝናብ የማይጐድልባት ጂንካ ስትሆን፣ ሁለተኛዋ ዝቅ ያለችውና ፀሐይ የበረታባት አርቦሬ ናት።

በቅድሚያ ስሙን እንለይ። በከተማ ሰው አነጋገር አንጓ ያለውና ቀጥ ያለ ነገር ሁሉ ቀርከሃ ይባላል። ይሁን እንጂ በወንዝ ዳር የሚበቅለው፣ ቅጠሉ እንደ ማሽላ ሰፋ ያለውና በጫፉ ላይ እንደ ላባ ያለ አበባ የሚያወጣው ሸምበቆ ነው፤ ወገኑ ሌላ ነው። በቆላ የሚበቅለውና ውስጡ ድፍን ወይም ለድፍን የቀረበው ደግሞ ሽመል ነው፤ ገበሬው በትከሻው ላይ የሚያጋድመው በትርም በዚሁ ስም ይጠራል። በደጋ የሚበቅለውና ውስጡ ክፍት የሆነው በትክክል ቀርከሃ የሚባለው ነው። አገራችን ከጥንት ጀምሮ ያላት እነዚህን ሁለት ዓይነቶች ማለት የደጋውን ቀርከሃና የቆላውን ሽመል ነው። በዓለም ላይ ያሉት ዓይነቶች ግን ከ1,600 ይበልጣሉ።

የዕፀዋት ሊቃውንት ቀርከሃን ከዛፍ አይቈጥሩትም። ከሣር ወገን ነው፤ የጤፍ፣ የስንዴና የሸንኮራ አገዳ ዘመድ ነው። ዛፍ በየዓመቱ እየወፈረ ይሄዳል። ቀርከሃ ግን ከመሬት ሲወጣ ይዞት የወጣው ውፍረት እስኪደርቅ ድረስ ያው ነው። ቁመቱንም በሁለትና በሦስት ወር ውስጥ ይጨርሰዋል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ሥራ መጠንከር ብቻ ነው፤ ለቤትና ለዕቃ መሥሪያ የሚበቃውም ሦስት ዓመት ገደማ ሲሞላው ነው። ይህን ሁሉ ጉልበት ከየት ያመጣዋል ቢባል፣ ቀደም ብሎ ከመሬት በታች ካከማቸው ስንቅ ነው። ስለዚህ ከላይ የምናየው ዘንግ የተክሉ ክንድ ነው ብንል፣ ሰውነቱ ያለው ከታች ነው።

ይህ ከመሬት በታች ያለው ሰውነት ሁለት ዓይነት ጠባይ አለው። ለአነጋገር እንዲመቸን አንደኛውን ሯጭ፣ ሁለተኛውን ተቀማጭ ብለን እንጥራቸው። ተቀማጩ አዲሱን ዘንግ የሚያወጣው ከአሮጌው እግር ሥር ስለሆነ፣ እንደ ጐበዝ ቤተ ሰብ አንድ ላይ ተሰብስቦ ይኖራል፤ ቢሰፋም በየዓመቱ በጥቂቱ ነው። ሽመላችን ከዚህ ወገን ነው። ሯጩ ግን ቀጭንና ረዥም የሆነ የመሬት ውስጥ ግንድ ወደ ጎን ይዘረጋል። በዚህ ግንድ ላይ በየአንጓው ቡቃያ አለ፤ ቡቃያው ወይ ወደ ላይ ወጥቶ አዲስ ቀርከሃ ይሆናል፣ ወይ ወደ ጎን ሄዶ ሌላ ሯጭ ይሆናል። ጫፉ እንደ ጦር የሾለ ነው። የሚሄደውም አብዛኛውን ጊዜ በላይኛው ዐፈር፣ ከ30 ሳንቲ ሜትር ብዙም ሳይጠልቅ ነው። ዐፈሩ ለስላሳና እርጥብ ከሆነለት በአንድ ዓመት ጥቂት ሜትሮች ይጓዛል። ወርቃማና ጥቁር ቀርከሃ እየተባሉ በዓለም ዙሪያ ለጌጥ የሚሸጡት የቻይና ዓይነቶች ሁለቱም ሯጮች ናቸው።

ሰውን የሚያታልለው ደግሞ ሯጩ መጀመሪያ ላይ አለመሮጡ ነው። በተተከለ በአንደኛውና በሁለተኛው ዓመት ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ ባለቤቱም «ይኸ እኮ ጨዋ ተክል ነው» ይላል። እርሱ ግን ከታች ስንቁን እያደራጀ ነው። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ዓመት በድንገት ከአጥሩ ወዲያ ማዶ ቡቃያው ብቅ ይላል። የመንግሥት ሠራተኛም ዝውውር ብዙ ጊዜ የሚደርሰው በዚሁ ዘመን ነው! ተካዩ ሻንጣውን ይዞ ወደ ሌላ ወረዳ ይሄዳል፤ ቀርከሃው ግን አይዛወርም። ከአጥር ወዲያ ያለው ጎረቤትም ከማያውቀው ሰው ተክል ጋራ ሲታገል ይኖራል።

ይህ ክርክር በሌላውም ዓለም ያለ ነው። በአሜሪካ በኮነቲከት ክፍለ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣ ሕግ፣ ሯጭ ቀርከሃ ተክሎ ወደ ጎረቤት መሬት እንዲያልፍ የተወ ሰው ለሚደርሰው ጉዳት ተጠያቂ ነው። ኒውዮርክም እ.ኤ.አ. በ2015 ወርቃማው ቀርከሃ እንዳይሸጥ ከልክላለች። በእኛም አገር ቢሆን በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ባለ ንብረት ከመልካም ጉርብትና ልክ አልፎ ጎረቤቱን እንዳያውክ ያዝዛል። ሕጉ የዘረዘረው ጢስን፣ ሽታንና ጩኸትን እንጂ ቀርከሃን አይደለም፤ መንፈሱ ግን አይሳትም።

ይሁን እንጂ ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረን የጃፓን ነገር ነው። ጃፓኖች ሞሶ የሚባለውን ትልቅ ሯጭ ቀርከሃ ከቻይና ያስመጡት በ18ኛው መቶ ዓመት ነው። ቡቃያው ይበላል፣ ግንዱ ዕቃ ይሠራል። በየመንደሩ ጓሮ ተተክሎ ሲኖር ብዙም አላስቸገረም፤ ገበሬው በየጸደዩ ቡቃያውን ለምግብ ቈፍሮ ያወጣው፣ ግንዱንም ይቈርጠው ነበርና። በኋላ ፕላስቲክ መጣ፤ ርካሽ ቡቃያም ከውጭ አገር ገባ፤ ወጣቱ ወደ ከተማ ሄደ። ያን ጊዜ ያልተቈረጠው ቀርከሃ ከጓሮው ወጥቶ ወደ ጎረቤቱ ደን ገባ። እስከ ዛሬም እየተስፋፋ ነው። እንግዲህ ሯጩን በቦታው ያቆየው የሰው እጅ ነበር ማለት ነው።

ይህን ነገር ለማየት ጃፓን ድረስ መሄድ አያስፈልግም። ከአርባ ምንጭ ወደ ላይ ወጥቶ ጨንቻ መድረስ ይበቃል። የዶርዜ ሰው ቤቱን የሚሠራው ከተሰነጠቀ ቀርከሃ ነው፤ እንደ ትልቅ ቅርጫት አድርጎ ይጐነጉነዋል፤ በላዩም የእንሰት ሽፋን ያለብሰዋል። ፊቱ የዝሆን ግንባር የሚመስለው ይህ ቤት ሲሠራ እጅግ ረዥም ነው። ከዓመት ዓመት ምስጥ እግሩን ሲበላው፣ የተበላው እየተቈረጠ ቤቱ እያጠረ ይሄዳል፤ እንዲያም ሆኖ ለብዙ ዐሥር ዓመታት ያገለግላል። ካስፈለገም ሰዎች ተሸክመው ወደ ሌላ ቦታ ይወስዱታል። ይህን ሁሉ የሚያስገኘው ቀርከሃ በየቤቱ አጠገብ የተተከለ ነው። በሲዳማ በሁላ፣ በአዊ በእንጅባራ አካባቢም እንደዚሁ ቀርከሃ የገበሬ ጓሮ ሀብት ነው፤ አጥር፣ ቅርጫት፣ ወንበርና አልጋ ይወጣዋል።

የደጋው ቀርከሃችን በጠባዩ ከሯጩና ከተቀማጩ መካከል ነው። በዝምድናው ከተቀማጮቹ ወገን ቢሆንም፣ የመሬት ውስጥ ግንዱ አንገቱ ረዘም ስለሚል ዘንጎቹ ተራርቀው ይወጣሉ፤ ከተተወም ይስፋፋል። በጨንቻ ጓሮ ግን በዳሩ ያለው የእንሰትና የገብስ መሬት በየዓመቱ ስለሚቈፈር፣ ወደዚያ የዘረጋው ጫፍ ሁሉ ይቈረጣል፤ የደረሰውም ዘንግ ለሥራ ይወሰዳል። (ይህ ቀርከሃ እ.ኤ.አ. በ2013 አዲስ የሳይንስ ስም ተሰጥቶታል፤ ስሙም ኦልዲያኒያ ነው። ማሳዮች ቀርከሃን ከሚጠሩበት ቃል የተወሰደ ነው። ከአፍሪቃ ቋንቋ ስም መውሰድ መቻሉ ደስ ያሰኘናል።)

ከዚህ በመነሣት የምንለው አንድ ነገር ነው። የጌጥ ቀርከሃ ችግሩ ጌጥ መሆኑ ነው። የሚሠራበት ሰው ይቈርጠዋል፤ የሚያየው ሰው ግን አይቈርጠውም፤ እንዲያውም በበዛ ቍጥር ደስ ይለዋል። ስለዚህ ተካዩ አስቀድሞ ራሱን መጠየቅ የሚገባው «ምን ያህል ያምራል?» ብሎ ሳይሆን «ማን ይቈርጠዋል?» ብሎ ነው።

አሁን ወደ ጂንካ እንምጣ። ጂንካ ከባሕር ወለል በላይ 1,450 ሜትር ያህል ላይ ያለች ከተማ ናት። የጨንቻውን ቀርከሃ አምጥቶ በዚህ ለመትከል የሚያስብ ሰው ቢኖር ድካሙን ይቈጥብ፤ የደጋው ቀርከሃ የሚስማማው ከ2,200 ሜትር በላይ ያለው ብርዳማ አገር ነው። በጂንካ ከፍታ ደኅና አድርጎ የሚበቅለው ሽመሉ ነው። ሽመል ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ፣ ወደ ደቡብም እስከ ሞዛምቢክ የሚገኝ የአፍሪቃ ተወላጅ ሲሆን፣ በአገራችን በብዛት ያለው በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ነው። የሳይንስ ስሙም አገራችንን ይጠራል፤ እ.ኤ.አ. ከ1868 ጀምሮ የሚታወቀው ኦክሲቴናንቴራ አቢሲኒካ ተብሎ ነው። ለጌጥ እንደ ቻይናው አይብለጨለጭ ይሆናል፤ ነገር ግን ጠንካራና ሰብሰብ ያለ፣ ጎረቤት የማያስቀይም ነው። እኛ ብንጠየቅ የምንመርጠው እርሱን ነው።

አተካከሉ ቀላል ነው። አንድ ወይም ሁለት ዓመት የሆነው ዘንግ ከነመሬት ውስጥ ግንዱና ከነሥሩ ተቈፍሮ ይወጣል፤ አናቱ ይቈረጥና አንድ ሜትር ያህሉ ይቀራል። ሥሩ ፀሐይ እንዳይነካው በእርጥብ ጆንያ ተጠቅልሎ በዚያው ቀን ይተከላል። ጉድጓዱ ከሥሩ እጥፍ የሰፋ ይሁን፤ ከዐፈሩ ጋራ የበሰበሰ ፍግ ይደባለቅበት፤ በላዩም ሣር ወይም ደረቅ ቅጠል ይልበስ። ጊዜው በጂንካ የበልጉ ዝናብ ዐፈሩን ካራሰው በኋላ፣ ማለት ከመጋቢት ወዲህ ነው። ከቤቱ ግድግዳ አራትና አምስት ሜትር ይራቅ። ቡቃያው ሲወጣ በእግር እንዳይረገጥና በከብት እንዳይነካ መጠበቅ አለበት፤ የተሰበረ ቡቃያ አይቀጥልም። ችግኙን ከየት እናግኝ ለሚል በጂንካ የግብርና ምርምር ማዕከል አለ፤ ዩኒቨርሲቲም አለ፤ እግሩን አንሥቶ መጠየቅ ነው።

የለም፣ እኔ የምፈልገው ያንን ሯጩን ነው የሚል ሰው ቢኖርስ? በዱላ አንከለክለውም። ሦስት መንገድ አለው። አንደኛው በተክሉ ዙሪያ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋትና ከዚያ ጥቂት የበለጠ ጥልቀት ያለው ቦይ ቈፍሮ ባዶውን መተው ነው። ሯጩ ቦዩን ሊሻገር ሲል ጫፉ ይታያል፤ ያን ጊዜ በስለት መቍረጥ ነው። ርካሽ ነው፤ ነገር ግን በየዓመቱ ሁለት ሦስት ጊዜ መታየትና ከሞላው ዐፈር መጽዳት አለበት። ሁለተኛው ከ60 እስከ 70 ሳንቲ ሜትር ድረስ ወፍራም ፕላስቲክ መቅበር ነው። ፕላስቲኩ ወደ ውጭ ዘንበል ብሎ ይቆማል፤ ከመሬት በላይም አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ብቅ ይላል፤ ይህም ሥሩ ሲገፋው ወደ ላይ እንዲወጣና እንዲታይ ነው። ሁለቱ ጫፎች የሚገናኙበት መጋጠሚያ ካልጠበቀ ሌባው የሚያመልጠው በዚያ ነው። ሲሚንቶ ይሻላል የሚሉ አሉ፤ ሲሚንቶ ግን ይሰነጠቃል፤ የሾለው ጫፍም ስንጥቅ ፈላጊ ነው።

ሦስተኛው መንገድ ለተከራይና ለተዛዋሪ ሰው የተፈጠረ ይመስላል። ይኸውም ግማሽ በርሜል ነው። ግርጌው ይበሳል፤ ከመሬት ጋራ እንዳይገናኝ በድንጋይ ላይ ይቀመጣል፤ ቀርከሃው በዚያ ውስጥ ይተከላል። በርሜሉ በሁለት ሦስት ዓመት ሥር ስለሚሞላ አውጥቶ ከፍሎ መልሶ መትከል ያስፈልጋል። ቢሆንም ዝውውር ሲመጣ ከዕቃው ጋራ በመኪና ይጫናል። የመሥሪያ ቤት ቤት ሲረካከቡ ወንበሩና ጠረጴዛው ሁሉ በወረቀት ላይ ይሰፍራል። በመሬት የተተከለ ሯጭ ቀርከሃም ከነቦዩ በዚያው ወረቀት ላይ ቢሰፍር፣ ተረካቢው ምን እንደ ተቀበለ ባወቀ ነበር።

አስቀድሞ ያመለጠውን ለማጥፋት ትዕግሥት ነው የሚያስፈልገው። ግንዱን ሁሉ ቈርጦ፣ ከዚያ በኋላ ብቅ የሚለውን ቡቃያ ገና ቅጠል ሳያወጣ እየቈረጡ መሄድ ነው። ቅጠል ያጣ ሥር ስንቁን ይጨርሳል፤ ግን ሁለትና ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። ቡቃያውን ለፍየል መስጠትም ይቻላል።

ከጂንካ ተነሥተን በቀይ አፈር በኩል ቍልቍል ወደ ወይጦ ስንወርድ፣ ከዚያም ወደ ደቡብ ታጥፈን አርቦሬ ስንደርስ ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል። በጂንካ የምንፈራው ቀርከሃው እንዳይበዛ ነበር፤ በአርቦሬ ግን እንዳይደርቅ ነው። አርቦሬ ከ1,000 ሜትር በታች ያለ፣ ሙቀቱ ብዙ ጊዜ ከ35 ዲግሪ የሚያልፍ ሜዳ ነው። የወይጦ ወንዝ በዚያ በኩል ወርዶ ወደ ጨው ባሕር ይሄዳል። የአርቦሬ ሰው በከብቱና በፍየሉ፣ በማሽላውም ይኖራል። ፀሐዩ እንዴት ያለ እንደ ሆነ ለመረዳት የሴቶቹን ጥቁር ነጠላና ሕፃናቱ እንደ ባርኔጣ የሚደፉትን ቅል ማየት ይበቃል። በእንደዚህ ያለ ስፍራ ጥላን መመኘት ቅንጦት አይደለም። ለትምህርት ቤት፣ ለጤና ጣቢያ ወይም ለግብርና ሥራ ተመድቦ የሄደ ወጣት «ደጃፌን ላጥላው» ቢል እውነት አለው።

ነገር ግን እስቲ ውኃውን እንቍጠረው። ለአንድ ለጋ ቀርከሃ በሳምንት ሁለት ጀሪካን፣ ማለት 40 ሊትር ቢፈስስለት፣ ዝናብ በማይኖርባቸው 35 ሳምንታት 1,400 ሊትር ይሆናል፤ 70 ጀሪካን ነው። ለአጥር እንዲሆን ዐሥር ቢተከል 700 ጀሪካን ነው። ውኃ የሚያመላልሱት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሴቶችና ልጃገረዶች መሆናቸውን ሁላችንም እናውቃለን። ለሠራተኛው ደጃፍ ጌጥ የሚሆነው ውኃ በልጃገረድ ጀርባ የሚመጣ ከሆነ፣ ጌጡ ለማን ነው? በዚህ ላይ በጨው ባሕር አካባቢ ጨው የበዛበት ዐፈር አለ፤ ቀርከሃም ጨው አይወድም።

«ምንም ቢሆን ቶሎ የሚያድግ የውጭ ተክል እናምጣ» የሚለውን አሳብም በቶሎ መቀበል አይገባም። በ1970ዎቹ ዓ.ም. ፕሮሶፒስ የተባለው እሾኻም ዛፍ ወደ አፋር የገባው ለጥላና ዐፈር ለመጠበቅ ተብሎ በበጎ ፈቃድ ነበር። ዛሬ ግን የግጦሹን መሬት ወርሶ ከብት አርቢውን ያስለቅሳል። አርቦሬም የከብት አርቢ አገር ነው።

ታዲያ ደጃፉ ባዶ ይሁን ወይ? አይሁን። በዚያ አገር ሽፈራው አለ። በኮንሶ የየቤቱ ጓሮ ባለሟል የሆነው ይህ ዛፍ ድርቅ ይችላል፤ ጥላ ይሰጣል፤ ቅጠሉም እንደ ጐመን ተቀቅሎ ይበላል። ግራርም አለ፤ ለፍየልም ለሰውም የሚያውቅ ዛፍ ነው። የቀርከሃው ፍቅር ግን አልወጣ ያለው ሰው ካለ፣ ሯጩን ትቶ አንድ እግር ሽመል በትምህርት ቤቱ ወይም በመንደሩ ቦኖ አጠገብ፣ ከጀሪካን ተርፎ የሚፈስሰው ውኃ በሚሄድበት በኩል ይሞክር። ያ ውኃ ማንም ሳይሸከመው የፈሰሰ ነው። ከመትከሉ በፊት የመንደሩን ሽማግሌዎች ይጠይቅ፤ ቦታው የከብት መጠጫ መንገድ ሊሆን ይችላልና። ለሦስት ዓመት ያህል በእሾኽ ማጠር ግድ ነው፤ የአርቦሬ ፍየል የቀርከሃ ቅጠል ያገኘች እንደ ሆነ ጌጥ ነው ብላ አትተወውም። ሽመሉ ከጸና በኋላ ግን ቅጠሉን ለእርሷም መስጠት ይቻላል፤ ዘንጉም ለጐጆና ለአጥር ይሆናል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ሽመል ብዙ ዐሥር ዓመታት ኖሮ አንድ ጊዜ ያብባል፤ ካበበም በኋላ ይሞታል፤ በአንድ አካባቢ ያለው ሁሉ በአንድነት ሊያብብ ይችላል። በዚያን ጊዜ ዘሩ ተለቅሞ ብዙ ሳይቈይ መዘራት አለበት፤ ሲቈይ የመብቀል ኀይሉ ይደክማል። የተከለው ሰው ያን ቀን በአርቦሬ እንደማይኖር የታወቀ ነው። ስለዚህ የተተከለበት ዓመተ ምሕረትና ችግኙ የመጣበት ስፍራ በትምህርት ቤቱ መዝገብ ላይ ይጻፍ፤ የመጀመሪያው ዘንግ የሚቈረጠው በአራተኛው ዓመት ገደማ መሆኑም አብሮ ይጻፍ።